ዝግባውም ደገፈ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። የት ተኝቼ እንደነበር አሁን አትጠይቁኝ፤ ስደርስበት ራሴ እነግራችኋለሁ። ሕልሜን ግን ሳይበርድብኝ ላውራው። ይኸው ቀኝ እጄን እስካሁን ይነዝረኛል።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። እኛ የቆቅ በር ሰዎች ከመንደራችን በላይ ደን አለን። የባሕር ዛፍ ተክል እንዳይመስላችሁ፤ አገር በቀል ደን ነው፤ ዝግባ፣ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። የእኔ ቀፎዎች የተሰቀሉት እዚያ ነው፤ የመንደሩ ውሃ የሚወርደው ከዚያ ነው፤ የቤታችን ክዳን ሣር የሚታጨደውም እዚያው ነው። ዘንድሮ አንድ ባለሀብት መጣና "ሎጅ ልሥራበት" አለ። ወረዳው ደግሞ የላይኛውን ደን አጥሮ ሊያስረክበው አሰበ። "ያለ ሕዝቡ ተሳትፎ አንዲት ቅጠል አትነካም" ብለው ስብሰባ ጠሩን።

እኛም ቀደም ብለን ጋሽ ወንድአፍራሽ ቤት መከርን። ጋሽ ወንድአፍራሽ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ከበድ ብሏል፣ ምክራቸው ግን ሁልጊዜ ይሰማል። "የእነሱ አነጋገር አይገባንም" አሉ። "ይህን የሚደግፍ፣ ያን የሚቃወም እያሉ ያዞሩብናል። ሁላችሁም ጥላዬን እዩ። ጥላዬ አፍ አለው። እሱ እጁን ሲያወጣ ሁላችንም እናወጣለን፤ እሱ ተነሥቶ እምቢ ሲል እኛም እምቢ እንላለን።"

ጥላዬ እኔ ነኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሌሊቱን ሙሉ እልፍኙ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ንግግሬን ስለማመድ አነጋሁ። አንዴ እጄን ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ደረቴ፣ "እምቢ! እምቢ! እምቢ!" ባለቤቴ ማንጠግቦሽ እንቅልፍ አጥታ ተነሣች።

"እምቢ ለማለት ይህ ሁሉ ልምምድ ምን ያደርጋል?" አለችኝ። "እኔን ስትለኝ ሳትለማመድ አይደል የምትለኝ?"

ወደ ሕልሙ ልግባ።

ወደ ደኑ ስወጣ ደኑ የለም። ተቆርጦ አይደለም፤ ጉቶ የለ፣ ፍልጥ የለ፣ ፍርፋሪ የለ። ዛፎቹ ቆመውበት የነበረው ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። የመንደሩ ሰው በሙሉ መንገድ ዳር ተደርድሮ ተቀምጧል።

"ምን ትሠራላችሁ?" አልኩ።

"ደኑን እየጠበቅን ነዋ!" አሉ ጋሽ ወንድአፍራሽ። "ደኑን ጠብቁ ሲሉን አልሰማህም? ይኸው ከጧት ጀምሮ እንጠብቃለን። እስካሁን አልመጣም።"

"የት ሄዶ ነው የማይመጣው?"

"ስብሰባ ነው፤ ለተሳትፎ ጠርተውት። ሁሉም በእግሩ ነው የሄደው። ኮሶዋ ብቻ ወገቧን ስለሚያማት በበቅሎ ሄደች።"

በእግሩ መሄዱ አልገረመኝም። የገረመኝ እኔ ሳልጠራ መቅረቴ ነው። ተናጋሪው እኔ! ያለ እኔ ምን ስብሰባ አለ? ጋቢዬን ልለብስ ቁልቁል ወደ ቤቴ በረርኩ። እየሮጥኩ ሳለ ቁልቁለቱ አቀበት ሆነ። ወንዙም ወደ ላይ እየፈሰሰ አጠገቤ ደርሶ "ኧረ ቀስ በል፣ እኔም ደከመኝ" አለኝ።

ደጄ ላይ ስደርስ ሰልፍ! የወረዳው ሠራተኛ በሙሉ እኔ ደጅ ተሰልፏል። ከፊት የቢሮው ዘበኛ፣ ከኋላው ጽዳቷ፣ ከኋላዋ ሾፌሩ፤ እያለ እያለ ሄዶ መጨረሻ ላይ፣ ፀሐዩ የሚጠብስበት ቦታ፣ የደን ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ቆሟል። ያ በስብሰባ ላይ አንዴ ማይክ ከያዘ የማይለቀው ልሳነወርቅ! አሁን እንደ ቆሎ ተማሪ አኩፋዳ አንግቷል፤ እጁ ላይ ባዶ ቅል ይዟል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ምንም አይወጣም።

ማንጠግቦሽ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ፣ ተቀምጣበት ጥፍሯን ትቆርጣለች። ቀና ብላም አላየቻቸው።

"በእንተ ስማ ለደን!" አለ ዘበኛው። "እመቤቴ፣ ትንሽ ድምፅ ይስጡን።"

"ዛሬ የድምፅ ቀን አይደለም። ነገ ተመለሱ።"

"ትናንትም ነገ ብለውን ነበር።"

"ኃላፊዋ የለችም።"

"ኃላፊዋ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ነኝ፤ ግን ስብሰባ ላይ ነኝ" አለችና ወደ ትንሿ ጣቷ አለፈች።

ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ይልቅ ግን ጉዳዩን ለማወቅ ቸኮልኩ። ዘበኛውን ወደ ጎን ወስጄ "ምን ሆናችሁ ነው?" አልኩት።

"ዛፎቹ ስብሰባ ጠርተውን ድምፅ ስጡ አሉን። ሰጠን። ከዚያ በኋላ አልመለሱልንም" አለኝ።

"እንዴት ሳትጠይቁ ትሰጣላችሁ?"

"ስጡ ሲባል ይሰጣል እንጂ! እናንተስ እኛ ስንላችሁ ትሰጡ የለ?"

"አንተስ ታዲያ ድምፅህን ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"እኔንማ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?" አለ ዘበኛው። "ስላልጠየቁኝ ይኸው ተረፈልኝ።"

በዚህ መሃል ማንጠግቦሽ ልቧ ራራ። ጓዳ ገብታ ከማድጋው አንድ ጭልፋ ይዛ ወጣች። "የትናንት ጭቅጭቅ ተርፎኛል፤ ቢቀዘቅዝም አይጥልም" ብላ ልሳነወርቅ ቅል ውስጥ ገለበጠችለት። እሱም ሳይተነፍስ ጨለጠው። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠና በማንጠግቦሽ ድምፅ እኔ ላይ ጮኸብኝ።

"አንተ ጥላዬ! ይህን ጭቃ ጫማ ይዘህ ነው የምትገባው? ስንቴ ልንገርህ?"

ከልማድ የተነሣ ጫማዬን አውልቄ እጄ ላይ ያዝኩ። ልሳነወርቅ ግን ገና አልጨረሰም፤ ከቅሉ ሥር የቀረችውን ጠብታ ላሰና እየተጣደፈ "ዛፎቹ አሁን የሚወያዩት ስለ እናንተ ነው" አለ። "የቆቅ በርን ሕዝብ አጥረው ለባለሀብት ሊያስረክቡት ነው። ሩጥ..." ድምፁ እዚያ ላይ አለቀ።

ሮጥኩ። በባዶ እግሬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ማንጠግቦሽ ከኋላዬ "ቆየኝ! እኔ በሌለሁበት እኔን ማስረከብ የለም!" እያለች ትከተለኛለች።

እንዴት እንደደረስን አላውቅም፤ ዓይኔን ስገልጥ አዳራሽ ውስጥ ነን። የቀበሌያችን አዳራሽ ተገልብጦ ቆርቆሮው ወለል ሆኗል። ዛፎቹ ሥራቸውን አጣጥፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። በሩ ላይ አንዲት ዝንጀሮ ቆማ ወንበር ታከፋፍላለች። "መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ኃላፊነቱን ሰጥተዋታል። ምርጥ ምርጡን ወንበር ወደ ኋላዋ እየገፋች፣ ለሌላው እግር የጎደለውን ትሰጣለች።

ግድግዳው ላይ "የአገር በቀል ዛፎች ጉባኤ" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከጨርቁ ሥር፣ የሰብሳቢው ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባሕር ዛፍ! ቀጥ ብሎ፣ ልጥ እየላጠ፣ ዙሪያውን በሙሉ አድርቆ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት፣ "እርስዎ አገር በቀል ነዎት?"

"አገር በቀል ማለት አገር ላይ የበቀለ ማለት ነው" አለኝ። "እኔ ሰማይ ላይ ነው እንዴ የበቀልኩት? ደግሞስ የዚህን አገር ውሃ እንደ እኔ የጠጣ ማን አለ?"

ዛፎቹ አጨበጨቡ። ከጎኑ የተቀመጠችው ጥድ እንኳ በጥም ጠውልጋ ሳለ አጨበጨበች።

ቀጥሎ ጉሬዛ ተነሣ። ጥቁርና ነጭ ካባውን አስተካክሎ ጉሮሮውን ጠረገ። "ክቡራን ባለድርሻ አካላት! እኔ የተሳትፎ ባለሙያ ነኝ። የዛሬው አጀንዳችን በመመናመን ላይ ያለውን የቆቅ በር ሕዝብ አያያዝ ይመለከታል። ሕዝቡም ራሱ ይሳተፍ ዘንድ ተጋብዟል።"

"የት እንቀመጥ?" አልኩ በጉጉት።

"ሕዝብ አይቀመጥም፤ ይሰቀላል" አለ።

ያን ጊዜ ንቦች መጡ። የማንም ንቦች አይደሉም፤ የገዛ ንቦቼ! አንዷ የእኔን የፊት መሸፈኛ አጥልቃለች፤ ሌላዋ የእኔን ማጨሻ ይዛለች። በጭስ አስነጠሱንና ጋሽ ወንድአፍራሽን፣ ማንጠግቦሽን፣ እኔን፣ መንደሩን በሙሉ እየያዙ ቀፎ ውስጥ ከተቱን። ከዚያም መሃል ላይ በቆመው ሽማግሌ ዝግባ ቅርንጫፎች ላይ ሰቀሉን። ያን ዝግባ ገና ሳየው አወቅሁት። የመንደራችን ስብሰባ ሁሉ የሚደረገው በእሱ ሥር ነው፤ የአባቴም የእኔም ቀፎ የተሰቀለው እሱ ላይ ነው።

"ካልተንቀሳቀስክ አንናደፍም" አለችኝ ንቧ። "ትንሽ ጭስ ነው፤ ያልፋል።" ይህን ዘወትር የምላቸው እኔ ነበርኩ።

"ይሄ ቀፎ ጠቧል!" አለች ማንጠግቦሽ ከጎኔ አንገቷን አውጥታ። "ሰፋ አድርገህ ሥራ ስልህ እምቢ አልክ። በል አሁን ኑርበት!"

ውይይቱ ተጀመረ። ወይራ ተነሥታ "ሕዝቡ በእውነት እየተመናመነ ነው፤ ወጣት ወጣቱ ከሥሩ እየተነቀለ ከተማ ይወርዳል" አለች። ጥድ ቀጠለች። "ሰው ለማገር አይሆን፣ ለምሰሶ አይሆን። ቢታጠር ማን ይጎዳል?"

"ጥላስ አይሰጥም?" ብላ ኮሶ ጠየቀች።

ጉሬዛ ወደ እኔ ጠቆመ። "ይኼኛው ስሙ ጥላዬ ነው።"

"የማን ጥላ ነው?" አለ ባሕር ዛፉ።

"የኔ ነው ይባላል" አለች ማንጠግቦሽ። "ጥላ ቢሆንማ ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ፀሐይ ባልፈጀኝ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ቅጠል ረገፈ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ባለሀብቱ ገባ። ምስጥ ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ከረባት ያሰረ ምስጥ። ከኋላው ዘመዶቹ እንደ ጎርፍ ገቡ። ዛፎቹ ሥራቸውን ከወለሉ አንሥተው ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ፊታቸው ላይ ግን ፈገግታ ለጠፉ።

"እኔ የመጣሁት ለልማት ነው" አለ ምስጡ። "እዚህ ቦታ ላይ ዘመናዊ ሎጅ እሠራለሁ፤ ባለ ስድስት ፎቅ ኩይሳ። ለቆቅ በር ሕዝብ የሥራ ዕድል እከፍታለሁ፤ ምሰሶ ሆኖ ይቆምልኛል።"

"ለእኛ ለዛፎቹስ?" አለች ወይራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እናንተን?" አለ ምስጡ ከንፈሩን እየላሰ። "እናንተንማ እንዴት እንደምወዳችሁ ብታውቁ!"

ዛፎቹ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጡና አጨበጨቡ። ንዴቴ ጣሪያ ነካ። ቀፎዬ ውስጥ ሆኜ "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል! ሰዎች... ዛፎች! ንቁ!" ብዬ ጮህኩ።

"ሞፈር?" አለ ምስጡ ዘወር ብሎ። "የቱ ጋ ነው?" ምራቁንም ዋጠ።

ባሕር ዛፉ ጠረጴዛውን መታ። "ሰፊ ውይይት ተደርጓል። አሁን ድምፅ ስጡ!"

አቤት ከዚያ በኋላ የሆነው! ንቦቼ በሬ የሚያክል ቅል ተሸክመው ይዞሩ ጀመር። መጀመሪያ ወይራ ጋ ቆሙ። ወይራዋ ጎንበስ ብላ ሹክሹክታዋን ቅሉ ውስጥ አፈሰሰችው። ከዚያ በኋላ ነፋስ ቢመጣም ቅጠሏ ይወዛወዛል እንጂ አይሰማም። ጥድ ሰጠች። ኮሶ ሰጠች። አንድ በአንድ አዳራሹ ዝም፣ ዝም፣ ዝም እያለ ሄደ። ዛፍ እያለ ሽው የማይል ደን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ እኛም መጡ። የጋሽ ወንድአፍራሽ ሳል ቅሉ ውስጥ ገባች። ማንጠግቦሽ "ወግጂ ከፊቴ፣ አንቺ የማር..." እያለች ሳለ ድምጿ ከመሃል ተወሰደ፤ ከንፈሯ ብቻ መንቀሳቀሱን ቀጠለ። ከተጋባን ጀምሮ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ልቤ ፈረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ተራው የኔ ሲሆን "እምቢ" ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ እኔን ሳይጠብቅ ብድግ ብሎ ቅሉ ውስጥ ዘለለ።

የቀረው ዝግባው ብቻ ነበር። ንቦቹ ግንዱን እየተጠማዘዙ ሲወጡ ሽማግሌው ዛፍ ወደ ቀፎዬ ጎንበስ አለ።

"ጥላዬ፣ ልጄ" አለኝ። "አባትህ ሳይወለድ ጀምሮ ሰዎች በእኔ ሥር ይሰበሰባሉ። አንድ ቀን ሐሳቤን ጠይቀውኝ አያውቁም። እጅ አውጡ ሲሉ ግን እኔንም ይቆጥሩኛል። እየኝ እስቲ፤ ቅርንጫፎቼ ሁልጊዜ ወደ ላይ ናቸው። የሚደግፍ ሲሉም እጄ ወጥቷል፤ የሚቃወም ሲሉም ወጥቷል። እነሱ ግን የሚይዙልኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ላወርደው ብል አልችልም። አንተ ግን ማውጣትም ማውረድም ትችላለህ። ልጄ፣ ለእኔ ብለህ አውጣልኝ።"

እንባዬ መጣ። ከዚያ ደግሞ እንባዬ ጉልበት ሆነ! ቀፎውን በክርኔ ሰንጥቄ ወጣሁ። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተንጠላጠልኩ። ንቦቹ "ተረጋጋ! ተረጋጋ!" ይሉኛል፤ ጉሬዛው "ሥነ ሥርዓት!" ይላል፤ ምስጡ ከሥር ግንዱን ይግጣል። ቅሉ ጋ ደረስኩና በባዶ እግሬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጠለዝኩት።

ቅሉ ቆርቆሮው ላይ ወርዶ ተፈረካከሰ። የቆቅ በር ድምፅ ሁሉ ወጣ! የወይራ ሹክሹክታ፣ የኮሶ ሽውታ፣ የጋሽ ወንድአፍራሽ ሳል፣ የሰው ሳቅ፣ የሰው ልቅሶ፣ የሠርግ እልልታ። ድሮ በየስብሰባው ተሰጥቶ የቀረው ሳይቀር ከሥር እየተግተለተለ ወጣ። ከመሃሉ የሟች አባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ "ኧረ ተዉ፣ ይህ ደን ለልጆቹ ይቅር!" ይላል። ለካ አባቴም አንድ ቀን ተናግሮ ነበር!

በጥድፊያው ውስጥ ድምፅ ሁሉ ቦታውን ሳተ። የልሳነወርቅ ድምፅ ውጪ የታሰረች አህያ ላይ ወጣባትና "ውድ የስብሰባው ተሳታፊዎች!" ብላ አናፋች። የማንጠግቦሽ ድምፅ ባሕር ዛፉ አፍ ውስጥ ገባ፤ ሰብሳቢው ራሱን በራሱ "አንተ መለሎ! ስንት ውሃ ነው የምትጠጣው? ለሌላው አታስብም?" እያለ ይሰድብ ጀመር። ዛፎቹ ከወንበራቸው ተነሡ። ምስጡ ከረባቱን ጥሎ ወደ ጉድጓዱ ሸሸ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ልቤ ከደረቴ ወጥታ ከፊቴ ትዘላለች።

መጨረሻ ላይ የኔ ድምፅ መጣ። እንደ ንብ ዞር ዞር ብሎ አየኝና አፌ ውስጥ ገባ፤ ማር ማር አለኝ። ከዝግባው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ እንደተለማመድኩት ቀኝ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁት። ወደ ታች ስመለከት፣ የመንደሬ ሰው ሁሉ እኔን እያየ እጁን ያወጣል፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው። እንኳንም ለዚህ ቀን አደረሰኝ! አየሩን ወደ ሳንባዬ ሙሉ ስቤ "እም..."

ጭብጨባ ቀሰቀሰኝ።

የት ተኝቼ እንደነበር ስደርስበት እነግራችኋለሁ ብያለሁ። ስብሰባው ላይ ነው። እውነተኛው ስብሰባ ላይ፣ በእውነተኛው ዝግባ ሥር። ሌሊቱን ስለማመድ አንግቼ፣ የአቶ ልሳነወርቅ የመክፈቻ ንግግር ሲረዝምብኝ፣ ቀኝ ክንዴን ተንተርሼ ግንዱን ተደግፌ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዷል። አሁን ያ ክንዴ ሽቅብ ተገትሯል። ዙሪያዬን ሳይ የቆቅ በር ሰው በሙሉ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ፣ እጁን አውጥቷል። እንደተማከርነው! አንድም የቀረ ሰው የለም።

ማንጠግቦሽ አንድ እጇን ወደ ላይ አውጥታ፣ በሌላው ጭኔን ትመዘልገኛለች።

"ለምን አወጣህ?" አለችኝ በሹክሹክታ። "የሚደግፍ ነው እኮ ያለው!"

"አንቺስ ለምን አወጣሽ?"

"አንተን አይቼ ነዋ!"

አቶ ልሳነወርቅ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ድምፁ ሙሉ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልጎደለበትም። "የላይኛው ደን ለባለሀብቱ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ፣ ከአቶ ጥላዬ ጀምሮ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል! እዩት እስቲ፣ ዝግባውም ደግፏል!" ብሎ ወደ ቅርንጫፎቹ ጠቆመ። ከወረዳው የመጡት እንግዶች ሳቁ። ባለሀብቱም ከረባቱን እያስተካከለ አጨበጨበ።

"እምቢ!" ብዬ ጮህኩ። አሁን ወጣልኝ! ያን ሁሉ የተለማመድኩት እምቢ አሁን ወጣልኝ!

"አቶ ጥላዬ፣ ድምፅ ተሰጥቶ አልቋል" አለ ልሳነወርቅ በትሕትና። "ሐሳብ ካለዎት በሚቀጥለው ስብሰባ። አሁን እጅዎን ማውረድ ይችላሉ።"

ላወርደው ሞከርኩ። ደንዝዟል፤ አልወርድም አለኝ።

ጋሽ ወንድአፍራሽ ከጎኔ እጃቸውን እንዳወጡ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ጎበዝ፣ ልጄ" አሉኝ። "እምቢ አልናቸው፣ አይደል?"